ደህና ነኝ ለሚል ሰው ጡረታ የለም

እኛ ሰዎች መታመም አያቅተንም፤ ታምሜአለሁ ማለት ነው የሚያቅተን። ሆስፒታል ተኝቶ፣ ግሉኮስ ተሰክቶለት፣ ዓይኑ ጎድጉዶ ያገኛችሁትን ዘመዳችሁን እስቲ «እንዴት ነህ?» በሉት። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እናንተስ? ልጆቹስ? ሥራ እንዴት ይዟችኋል?» ይላችኋል። ጠያቂዎቹ ተጠያቂ ሆናችሁ፣ ብርቱካናችሁን ራስጌው አስቀምጣችሁ፣ ደህንነታችሁን አስረድታችሁ ትወጣላችሁ። ከበር ላይ ሌላ ጠያቂ ቢያገኛችሁም «ደህና ነው» ትሉታላችሁ፤ ራሱ ነግሯችኋላ!

ካርቱም ስትኖሩ ይህ አመል ይብስባችኋል። የሱዳን ሰላምታ ረጅም ነው። እንዴት ነህ ለማለት ኬፍ፣ ደህና ለማለት ታማም፣ ኩዌስ፣ ቤተሰቡ ታማም፣ ሥራው ታማም እየተባለ ሲወርድ «ኧረ እኔስ ጥርሴን አሞኛል» ብላችሁ የምታስገቡበት ቀዳዳ የለውም። ቢኖረውም አታስገቡትም። ሱዳናዊ እግሩ ላይ የአህያ ጋሪ ቢወጣበት «ሚያ ሚያ» ይላል፤ መቶ በመቶ ደህና ነኝ ማለቱ ነው። እንግዲህ ከሐበሻ እናትና ከሱዳናዊ አባት የተወለደ ሰው ምን ያህል ደህና ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ደህንነቱን ከሁለት ወገን ነው የሚወርሰው።

እንዲህ ያለ አንድ ሰው አውቃለሁ። ደህና ነኝ ሲል እንጀራውን ከማጣት ለጥቂት ነው የተረፈው።

በመጀመሪያ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፣ ካላልኩ ደግሞ ይቆጨኛል። ሳጃና በሚባለው የካርቱም ሰፈር የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። ጠባብ ናት፤ እኔ፣ ማሽኑና አንዲት ድመት ሞልተናታል። የሰው ልጅ ሲታመም ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ የመንግሥት ሠራተኛ ሲታመም ግን መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው፣ በአምስት ኮፒ። የሰው መታወቂያ፣ የሰው ፍቺ፣ የሰው ኩላሊት ሳይቀር በእጄ አልፏል። ስንት ዓመት ሙሉ ማሽን ፊት ቆሜ ስውል የግራ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ማንቋረር ጀምሯል። ለጠየቀኝ ሰው ግን መልሴ አንድ ነው። መልሴን ታውቁታላችሁ።

ኢድሪስን የማውቀው ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። እናቱ እትዬ ብርቄ የደብረ ታቦር ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው በገዳሪፍ በኩል መጥተው፣ ሱዳናዊ አግብተው፣ ባላቸውን ቀብረው፣ ዛሬ ካላክላ ሰፈር ከልጃቸው፣ ከምራታቸውና ከሦስት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። ኢድሪስ አማርኛው ጎደሎ ነው፤ አንቱታው ግን ሙሉ ነው። እናቱ ከግስ በፊት ያስተማሩት አክብሮት ነው። ድመቴን እንኳ «ይለፉ» ነው የሚላት።

ሥራው የውሃ መሥሪያ ቤት ነበር። ስህሪጅ የሚሉትን፣ በብረት እግር የቆመውን ትልቅ የውሃ ታንከር በመሰላል እየወጣ መዝጊያውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አንድ ጠዋት ከመሰላሉ ተንሸራቶ በቀኝ ትከሻው ወደቀ። ሐኪሞቹ አጥንቱን ጠገኑት፤ ነርቩ ግን እዚያው ስህሪጁ ሥር ወድቆ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ ክንዱ ከቀበቶው በላይ በራሱ አይነሳም፣ ጣቶቹም የያዙትን አያጠብቁም።

ለዚህማ ሕግ አለ። በሥራ ላይ ተጎድቶ መሥራት ያልቻለ የመንግሥት ሠራተኛ የጉዳት ጡረታ ያገኛል። አይችልም የሚለው ግን እሱ ራሱ አይደለም፤ አለቃውም አይደለም፤ ቁምስዮን የሚባለው የሐኪሞች ቦርድ ነው። ቦርዱ «አይችልም» ካለ ጡረታው ይጠበቅለታል። «ይችላል» ካለ ወደ መሰላሉ ይመለሳል። መሰላሉን መውጣት ካቃተው ከሥራ እንደቀረ ተቆጥሮ ይሰናበታል፤ ለመደበኛው ጡረታ የሚያበቃ አገልግሎት ደግሞ ኢድሪስ ገና አልነበረውም። ስድስት ነፍስ በአንድ ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ያውም በማይነሳው ላይ።

ኢድሪስ ለመጀመሪያው ቀጠሮ ብቻውን ሄደ። ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ። ገብቶ ሦስቱንም ሐኪሞች አንድ በአንድ ጨበጣቸው። አጨባበጡንም ታውቁታላችሁ፤ ሐበሻ ትልቅ ሰው ሲጨብጥ ግራ እጁን ከቀኝ ክንዱ ሥር አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ነው። ሐኪሞቹ በአክብሮቱ ደስ አላቸው። ግራው ቀኙን ተሸክሞ እንዳመጣው ማን ይወቅ?

«ኬፍ ሐልክ?» አሉት፤ እንዴት ነህ ማለታቸው ነው።

«አል-ሐምዱ ሊላህ፣ ታማም።»

«ያምሃል?»

«ረብና ከሪም፣ ጌታ ቸር ነው፤ ደህና ነኝ።»

ከጀርባው የተሰለፈው ሕዝብ ብዙ ነው። የራጅ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ዘረጉት፤ አጥንቱ ገጥሟል። ነርቭ ፊልም ላይ አይታይም። ውሳኔውን ኮፒ ላደርግ ሳነብ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ሕመምተኛው እጅ ጨብጧል፣ ደህና መሆኑን በራሱ አንደበት ገልጿል፣ ወደ ሥራው ይመለስ ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

«ምን ብለህ ነው ደህና ነኝ ያልከው?» ብዬ ጮህኩበት።

«ጋሼ፣ ጠየቁኝ እኮ» አለኝ።

ይግባኝ የሚፈቀደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጻፍን፣ አስገባን፣ ቀጠሮ ተቆረጠ። ከዚያ በሱቄ ልምምድ ጀመርን፤ እኔ ሐኪም፣ እሱ በሽተኛ።

«ኬፍ ሐልክ?»

«አል-ሐምዱ ሊላህ፣ ታማም።»

«ታዕባን በል! ታዕባን፣ አሞኛል! አረብኛው ያንተ፣ እኔ ላስተምርህ?»

«አውቃለሁ ጋሼ። ላኪን፣ ግን፣ ዶክተሩ ያዝናሉ።»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ቀን በቀን «ኬፍ ሐልክ» እያልኩ ስጮህበት ወረቀት ሊያስገለብጡ የመጡ ሰዎች በሱ ፈንታ «ታማም» ይሉኝ ጀመር። ደግሞ እኮ የማለማምደው ውሸት አይደለም! እውነት መናገር ልምምድ የሚጠይቅ መሆኑን ያወቅሁት ያን ሳምንት ነው። አንድ ቀን እትዬ ብርቄ ደርሰው ሰሙንና ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡብኝ።

«መኩሪያ፣ ልጄን በሽተኛ አታድርግብኝ!»

«እትዬ፣ በሽተኛ እኮ ነው።»

«ቢሆንስ? በአፉ አይጥራው!»

እሳቸው ሲሄዱ ምስክር ይሆኑናል ብዬ የሥራ ባልደረቦቹን አነሳሁ፤ ጉዳዩ እስኪወሰን መሰላል ሳይወጣ ቢሮ ይውል ነበርና። «ጓደኞችህ እጅህን አያዩም እንዴ? ቁርስ አብራችሁ አይደል የምትበሉት?» ኢድሪስ ወለሉን ማየት ጀመረ። የሱዳን መሥሪያ ቤት ቁርስ ታውቃላችሁ፤ ፉሉ በአንድ ሳህን ይቀርባል፣ ሁሉም ከቦ በቀኝ እጁ ይበላል። በግራ መብላት በአባቱም በእናቱም ወገን ነውር ነው። ታዲያ ይህ ሰው ምን አደረገ መሰላችሁ? ጾመ። ሰኞና ሐሙስ በአባቱ ሃይማኖት ጾመኛ ነኝ አለ። ረቡዕን በእናቱ ወገን አሳበበ፤ ለእሳቸው ክብር ስል አልበላም አለ። ዓርብና ቅዳሜ መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። እሑድ «በልቼ መጣሁ» ነው። የቀረችው ማክሰኞ ነች፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ሆዱን ያመዋል።

ባልደረቦቹ ምን ይበሉ? ሼኽ ኢድሪስ አሉት። ዱዓ አድርግልን እያሉ ይመጡበት ጀመር። አንዱማ ከብዙ ሴት ልጆች በኋላ ወንድ ልጅ ሲወለድለት በሼኽ ኢድሪስ ጸሎት ነው ብሎ አስወርቷል። ምስክር የፈለግሁባቸው ሰዎች የቅድስናው እንጂ የሕመሙ ምስክር አልነበሩም።

እኔስ ብሆን ምን አየሁ? ከዚያ በፊት አንድ ቅዳሜ ካላክላ ምሳ ጠርተውኝ ሄጄ ነበር። ሃፍላ በሚሉት አውቶቡስ ተጨናንቄ ደርሼ ገበታው ሲቀርብ፣ እትዬ ብርቄ ልጃቸውን እጁን ወደ ትሪው እንዳይሰድ ቀድመው ያጎርሱታል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ኧረ ማቆሚያ የለውም። የልጅ ልጆቻቸው «አባባ ሕፃን፣ አባባ ሕፃን» እያሉ ይስቃሉ። «እትዬ፣ ይህ ጎልማሳ እኮ ጥርስ አብቅሏል» ብዬ ቀለድኩ። «ልጄን ብወደውስ?» አሉኝ። እኔ ሞኙ ቀናሁ። ጉርሻ ካየሁ ዓመታት አልፎኝ ነበርና ተቆጥቼ ሁሉ ነው የወጣሁት።

የይግባኙ ቀን ማክሰኞ ዋለ።

የመጠበቂያው አዳራሽ ሞልቷል። አጠገባችን የተቀመጠ አንድ ሰው እንዴት አድርጎ ያቃስታል መሰላችሁ! ከልቡ፣ ከሆድ ዕቃው። በሁለት ማቃሰት መሃል ደግሞ ዞር ብሎ ጥሩ ፉል የት እንደሚገኝ ይነግረናል። «አየኸው? ከሱ ተማር» አልኩት ኢድሪስን። ኢድሪስ ሰውየው አሳዘነውና ወንበሩን ሊለቅለት ተነሳ። ያኔ ተስፋ ቆረጥኩ።

ስሙ ሲጠራ ሦስታችንም ገባን። ዘበኛው አንድ ሰው ብቻ ነው የሚፈቀደው ብሎ ነበር፤ ግን ለእናት በር የሚዘጋ ሱዳናዊ ዘበኛ ገና አልተወለደም። ሰብሳቢዋ አዲስ ነች፤ ቶብ የሚሉትን የሱዳን ሴቶች ነጭ መጎናጸፊያ የለበሰች፣ ፀጉሯ የሸበተ ዶክቶራ። በግራና ቀኟ ሁለት ሐኪሞች አሉ። እኔና እትዬ ብርቄ በሩ አጠገብ ተቀመጥን። ኢድሪስ ወደፊት ሄደ፣ ጎንበስ አለ፣ ግራ እጁን ከቀኙ ሥር አደረገና ጨበጣት።

ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ኬፍ ሐልክ፣ ያ ወለዲ?» አለችው፤ ልጄ ማለቷ ነው።

«አል-ሐምዱ ሊላህ፣ ታማም።»

አለቀ አልኩ። የስንት ቀን ልምምድ፣ የስንት ወረቀት ኮፒ። ስድስቱም ሰዎች ከነትሪያቸው በዓይኔ ዞሩ። ዶክቶራዋ ፋይሉን ታገላብጣለች፣ አንደኛው ሐኪም ሰዓቱን ያያል። በዚህ መሃል በሩ ተከፍቶ ተላላኪው ሻይ ይዞ ገባ። የሱዳን መሥሪያ ቤት ሰማይ ቢደፋ የሻይ ሰዓቱን አያሳልፍም። ዶክቶራዋም አገሯ ነውና «ኢትፈደል» አለችው፤ ውሰድ፣ ጠጣ።

«ሹክረን፣ አመሰግናለሁ፤ ሆዴን ያመኛል» አለ ኢድሪስ።

ማክሰኞ ነበራ! ይህ ሰው በመጨረሻ ሐኪም ፊት ያመኛል አለ፣ ያውም የማያመውን። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ዶክቶራዋ ግን ሳቀች። «ለሆድማ ናና የገባበት ሻይ ነው መድኃኒቱ» ብላ ራሷ አንዱን ብርጭቆ አንስታ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። እንግዲህ ፍረዱ። ትልቅ ሰው በእጇ ይዛ የምትሰጥህን አትመልስም። በግራህ አትቀበልም። ኢድሪስ ግራ እጁን ሰደደና መንገድ ላይ አቆመው፤ ጡጫ አድርጎ ወደ ጭኑ መለሰው። ከዚያ ቀኙን ብቻውን ላከው። ቀኙ እስከ ቀበቶው ድረስ ተነሳ። ተንቀጠቀጠ። ወደቀ። እንደገና ሞከረ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ሴትዮዋ ብርጭቆውን አልመለሰችም። እንደያዘች ቆየች፣ እያየችው።

«ከሰው ጋር ሻይ ካልጠጣህ ስንት ጊዜ ሆነህ?» አለችው ቀስ ብላ።

«ስምንት ወር፣ ያ ዶክቶራ።»

ሦስቱም ሐኪሞች ተያዩ። ሱዳናዊ ስምንት ወር ሙሉ ከሰው ጋር ሻይ አልጠጣሁም ሲል ፊልም አያስፈልገውም።

«ማን ያበላሃል?»

ኢድሪስ አንገቱን ደፋ። ከአጠገቤ ግን ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ፤ እትዬ ብርቄ ቆመዋል።

«አነ!» አሉ። «አነ፣ ያ ዶክቶራ! እኔ ነኝ የማጎርሰው፣ እኔ ነኝ የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት። ሰው ሲያየኝ ልጄን ስለምወደው ነው እላለሁ። እወደዋለሁም፣ ወላሂ። ግን እጁ እምቢ ብሎት ነው። እጁ አልታዘዝ ብሎት ነው ልጄን!»

ግማሹ አረብኛ ግማሹ አማርኛ ነበር። የሚተረጎም ነገር ግን አልነበረውም፤ ሁሉም ገብቷቸዋል። እኔም ገባኝ። ያን ቅዳሜ የቆጠርኳቸው ጉርሻዎች አንድ በአንድ ተመልሰው መጡብኝ። የቀናሁበት ነገር ይህ ነበር። አፈርኩ፣ ሳላስበው እንባዬ መጣ፣ መሀረብ ደግሞ አልያዝኩም ነበር።

ዶክቶራዋ ተነስታ መጥታ ክንዱን በራሷ እጅ ይዛ አየችው። አነሳችው፣ ለቀቀችው፣ ጣቶቼን ጭመቅ አለችው፣ በመርፌ ነካ ነካ አደረገችው። ወንበሯ ላይ ተመልሳ «ልጄ» አለችው፣ «አል-ሐምዱ ሊላህ የምትለው ለአላህ ነው። ለእኔ የሚያምህን ንገረኝ። እኔ ሐኪም ነኝ፣ አላዝንብህም።» ከዚያ ጻፈች። ሁለቱ ሐኪሞችም ፈረሙ። ብርጭቆውን ለእትዬ ብርቄ ሰጠቻቸውና እሳቸው በእጃቸው አጠጡት። ሻዩ ቀዝቅዟል፣ ስኳሩም በዝቷል፤ ኢድሪስ እስከ አተላው ጨለጠው።

ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ እንደሚባለው፣ እትዬ ብርቄ ደብዳቤው በማኅተም እስኪመጣ ድረስ ለማንም አልተናገሩም፤ እኔንም አስማሉኝ። ባልደረቦቹ ግን ቀድመው ሰሙ። የስንብት ቁርስ አዘጋጁለት፤ ኢድሪስም እዚያው ሁሉንም ተናዘዘ። በግራህ ብትበላስ ማን ይከፋብህ ነበር ብለው ተቆጡት፣ አቅፈው ሳሙትም። ሼኻቸውን በማጣታቸው ግን ቅር ሳይላቸው አልቀረም። ወንድ ልጅ የተወለደለት ሰውዬ በተለይ ግራ ገብቶት ነበር፤ ልጁ እኮ አሁን መሳቅ ጀምሯል፣ ምን ያድርገው?

ደብዳቤው የመጣ ዕለት እናትና ልጅ ከካላክላ ተሳፍረው በቀጥታ ሱቄ መጡ። አነበብኩት። የሕመምተኛው ቀኝ እጅ ብርጭቆ ማንሳት አይችልም፤ የጉዳት ጡረታው ይጠበቅለት ይላል። እትዬ ብርቄ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና የልጃቸውን እጅ አይተው ተዉት፤ ከዚያ ደግሞ «ምን አባቱ!» ብለው እልል አሉ። ድመቷ ከማሽኑ ላይ ዘልላ ወረደች። ከደረቴ ላይ አንድ የእህል ከረጢት የወረደልኝ መሰለኝ። ልጆቹ ትምህርት ቤታቸው አይስተጓጎልም፣ ቤቱ አይለቀቅም፣ መሰላሉንም ሌላ ሰው ይወጣዋል።

አምስት ኮፒ እያደረግሁ፣ እንዲሁ ከልማድ፣ «ታዲያ እንዴት ነህ ኢድሪስ?» አልኩት።

«አል-ሐምዱ ሊላህ፣ ታ...» ብሎ አቋረጠው። እናቱን አየ፣ እኔን አየ። «ያመኛል፣ ጋሼ» አለ። «ጠዋት ጠዋት በጣም ያመኛል።»

እትዬ ብርቄ አልተቆጡም። ትከሻውን ዳበስ አድርገው «አውቃለሁ» አሉት። ሰው ያመኛል ሲል ደስ መሰኘት ነውር ነው፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። ስምንት ወር የተሸከመውን እዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ አውርዶ የተነፈሰ ነው የመሰለኝ። ይኸው፣ ለካ ይቻላል አልኩ በሆዴ። ሰው የሚያመውን ያመኛል ቢል ሰማይ አይደፋም።

አምስተኛው ኮፒ ከማሽኑ ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ስል የግራ ጉልበቴ ጮኸ፤ ውጭ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ማሽኑን ይዤ እንደምንም ቀና አልኩ።

«ጋሼ፣ ጉልበትዎ ምን ሆነ? ደህና ነዎት?» አለኝ ኢድሪስ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት፣ «ደህና ነኝ።»

እናትና ልጅ ተያዩ። ኢድሪስ በግራ እጁ ወንበሩን ወደኔ ገፋልኝ።

ተቀመጥኩ።